ድምፁ የጠፋ ይውጣ

«ምን ትሠራ ነበር?» ለሚሉኝ ሰዎች «ረጋጭ ነበርኩ» ስላቸው ይስቃሉ። የልጅ ልጆቼማ ምን እንደምረግጥ እንኳ ሳይጠይቁ ነው የሚንከተከቱት። አልፈርድባቸውም። ዛሬ ብርድ ልብስ የሚገዛ ሰው ከፕላስቲኩ አውጥቶ አልጋው ላይ ይዘረጋዋል እንጂ ስንት እግር እንዳለፈበት አያስብም። እኔ ግን ዕድሜዬን ያሳለፍኩት መካነ ሰላም ዳር በነበረች አንዲት የባና፣ የወፍራም ብርድ ልብስ ፋብሪካ ውስጥ፣ እስከ ጉልበቴ ውሃ ገብቼ የበግ ጠጉር ስረግጥ ነው። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ሥራ ስለፈታሁ እስቲ ልጻፈው አልኩ። የወጣሁበትን ቀን ለመናገር ግን ከሥር መነሳት አለብኝ፤ ያለዚያ ነገሩ አይገባችሁም።

ፋብሪካ ስላችሁ ጭስ ማውጫው ሰማይ የሚነካ ነገር እንዳይመስላችሁ። ግድግዳው ድንጋይ፣ ጣሪያው ቆርቆሮ የሆነ ረጅም ቤት ነው። ባለቤቱ ደሴ የሚኖር ነጋዴ ሲሆን በዓመት አንዴ መጥቶ አፍንጫውን በመሐረብ ይዞ ይዞርና ይሄዳል። የበጉ ጠጉር ከከላላና ከወረኢሉ ገበያ በበቅሎ እየተጫነ ይመጣል። በአንደኛው ክፍል ይለያል፣ ይታጠባል፣ ይበጠራል፣ ይፈተላል፤ በሁለተኛው ይሸመናል፤ በሦስተኛው ይረገጣል። የእኔ ቦታ ሦስተኛው ነበር።

ከሸማኔ እጅ የወጣ ባና ወንፊት ነው፤ ጣት ያሳልፋል። ብርድ የሚመክት እንዲሆን ትልቅ የድንጋይ ገንዳ ውስጥ ይነጠፍና የተወቀጠ እንዶድ ይነሰነስበታል። ከዚያ ትኩስ ውሃ እየተጨመረበት ስምንት ሰው በባዶ እግሩ ይረግጠዋል። ጠጉሩ በሙቀቱና በእግሩ ብዛት እየተኮማተረ እርስ በርሱ ይያያዛል። በደረታችን ትክክል አግዳሚ እንጨት አለ፤ እሱን ይዘን ነው የምንረግጠው። የእንዶዱ አረፋ ስለሚያንሸራትት እንጨቱን የለቀቀ ሰው መቀመጫው ላይ ነው የሚያርፈው። የፈላው ውሃ የሚደፋበት የገንዳው ጫፍ ሰው ሁሉ የሚሸሸው ቦታ ነበር። በረመዳን እኛ ክርስቲያኖቹ እንይዘዋለን፤ በሁዳዴ ደግሞ እስላሞቹ ይይዙልናል። ማንም ያዘዘው ነገር አይደለም፤ ስገባም እንደዚያ ሆኖ ነው ያገኘሁት።

የረገጣ ቤቱ አለቃ አያ ይመር ነበሩ። የወረኢሉ ሰው ናቸው፤ ባና መርገጥን ከአባታቸው ተምረዋል። አጭር፣ ደረቅ ያሉ ሽማግሌ ሲሆኑ ኪሳቸው ቆሎ አይለየውም። የሚገርመው ሥራቸውን የሚሠሩት ለገንዳው ጀርባቸውን ሰጥተው ነው። በርጩማቸውን ግድግዳው ጋ አስጠግተው፣ ፊታቸውን ወደ ድንጋዩ አዙረው ይቀመጣሉ። የገባሁ ሰሞን ሽማግሌው ያንቀላፋሉ ብዬ በሆዴ ስቄባቸዋለሁ።

ስንረግጥ እንዘፍናለን። አንዱ ያወጣል፣ ሌሎቹ ይቀበላሉ፤ አውጪነቱ በየተራ ስለሚዞር ድምፁ የማይሰማ ሰው የለም።

«እርገጠው ወንድሜ፣ እርገጪው እህቴ፣
ለብርድ መከታ ነው ለእናት ላባቴ።»

እግራችን በዜማው ይወርዳል፤ ስለዚህ ባናው አንዱ ጋ ወፍሮ ሌላው ጋ አይሳሳም። ግጥሙ ሲያልቅ ሁላችንም ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ እንሸሻለን። ውሃ ጨማሪው ከበርሜሉ የፈላውን ቀድቶ ጫፉ ላይ ይደፋል። ውሃው ከሞቀው ጋር ሲቀላቀል እየዘፈንን እንመለስበታለን።

በገባሁ በሁለተኛው ወር ይመስለኛል፣ አያ ይመር ዞር ሳይሉ «ምትኩ፣ ውጣ!» አሉኝ።

«ኧረ አልደከመኝም፣ አያ ይመር።»

«እግርህ አልደከመው ይሆናል፤ ድምፅህ ግን የለም። ድምፁ የጠፋ ይውጣ።»

ወጣሁ። ከኪሳቸው ቆሎ ዘግነው መዳፌ ላይ አደረጉና እጄን በእጃቸው አጠፉት። ውጭ ፀሐይ ላይ ባለው የጠጉር ጆንያ ተቀምጬ ሁለት ዘፈን እስኪያልቅ አረፍኩ። በማግስቱ ወባ ጣለኝ። እኔ ሳላውቀው እሳቸው አውቀውት ነበር።

«ባያችሁማ ታታልሉኛላችሁ» አሉኝ ኋላ ስጠይቃቸው። «ሥራው እንዳይቀርበት የሚፈራ ሰው እየወደቀም ይስቃል። ሲዘፍን ግን ትንፋሹን ከየት ያመጣዋል? ወላሂ፣ ከዓይኔ ጆሮዬን አምናለሁ።»

ስልሳ አምስት ላይ ዝናቡ ቀረ። በሚቀጥለው ዓመትም ሰማዩ እንደ ነሐስ ሆኖ ዋለ። በጉ በረሃብ ሲያልቅ ሰው ጠጉሩን ሸልቶ ባገኘው ዋጋ ስለሸጠው ረከሰ፤ ሰውም እንደዚያው ረከሰ። መንገዱ በሰው ተሞላ። ለየመጠለያው ባና ስለተፈለገ ፋብሪካው እንደዚያን ጊዜ ሠርቶ አያውቅም። ሥራ አስኪያጁ አቶ ግርማቸው ገና ጎህ ሲቀድ በሩ ላይ ከቆመው ሰው መርጦ ያስገባል፤ የሚከፍለውም ሲመሽ አንድ ቂጣና ጥቂት ሳንቲም ነው። ሲመሽ! ቀኑን ሙሉ በባዶ ሆድ ይረግጣሉ ማለት ነው። እኛ ነባሮቹ አፍ ከከፈትን «ደክሞህ እንደሆነ በሩ ላይ መቶ ሰው ቆሟል» ይለናል። ውሸቱን አልነበረም፤ ቆሞ ነበር።

ከነዚያ አንዷ ከድጃ ናት። ከከላላ በእግሯ የመጣች፣ ባሏን መንገድ ላይ የቀበረች፣ ሃያ ዓመት ብዙም ያላለፋት ሴት ነበረች። ተራው ሲደርሳት ታፍራለች ብለን ስንጠብቅ እንዲህ ብላ አወጣች፦

«ከከላላ መጣሁ ዳገቱን ወጥቼ፣
እግሬን ይዤ መጣሁ ሌላውን ትቼ።»

ሁላችንም ተቀበልናት። አያ ይመር ወደ ግድግዳው እንደዞሩ እጃቸውን ዓይናቸው ላይ ሲያደርጉ አይቻለሁ።

የራበው ሰው ሲበዛ አያ ይመርም በቀን ሃያ ጊዜ «ውጣ»፣ «ውጪ» ይሉ ጀመር። ጆንያው ላይ ሁልጊዜ ሦስት አራት ሰው ቆሎ እየቆረጠመ ይቀመጣል። ቆሎው ከየት እንደሚመጣ እግዜር ይወቀው፤ ከራሳቸው ቤት መሆኑን የነገረችን ኋላ ባለቤታቸው ናት። አንድ ቀን አቶ ግርማቸው ይህን አይቶ ደሙ ፈላ።

«ይሄ ፋብሪካ ነው የሰርግ ቤት? ይዘፈናል፣ ቆሎ ይበላል፣ ፀሐይ ይሞቃል!»

«ጌታው፣ የሚቀመጡት እንዳይወድቁ ነው» አሉት አያ ይመር።

«የሚወድቅ ካለ በሩን አሳየው። ከዛሬ ጀምሮ ዘፈን የለም፤ መቀመጥም የለም። ውሃ የሚጨመረው በፊሽካ ነው።»

«እኔ ሰው በፊሽካ አልነዳም።»

በዚያው ቀን አያ ይመር ጠጉር መለያው ክፍል ተላኩ። አቧራው ሳንባ የሚያደርቅ፣ አዲስ ገቢ የሚወረወርበት ክፍል ነው። በእሳቸው ቦታ ማን ይተካ? አራተኛ ክፍል የደረሰ፣ መጻፍ የሚችል ረጋጭ ተፈለገ። እሱ እኔ ነበርኩ። አቶ ግርማቸው ቢሮው አስጠርቶ አንድ ካኪ ካፖርትና አንድ ፊሽካ ሰጠኝ። በዚያ ወር እናቴና ሁለት ወንድሞቼ ከገጠር ተሰደው እኔ ላይ ወድቀዋል። ሥራዬን ባጣ አራት ሰው ነን የምንራበው። ይህን የምጽፈው ግን ራሴን ነጻ ለማውጣት አይደለም። ካፖርቱን ወድጄው ነበር። መንገድ ላይ ሰው ዞር ብሎ ሲያየኝ ደስ ይለኝ ነበር።

ሳምንት አልሞላም። ማለዳ ነው፤ ክፍሉን እንፋሎት ሞልቶታል። ስምንት ሰው ያለ ዜማ፣ ያለ ቃል ይረግጣል። የሚሰማው የውሃው ቧጭ ቧጭ ብቻ ነው። እኔ እንደ አያ ይመር ለገንዳው ጀርባዬን አልሰጠሁም፤ ካፖርቴን ቆልፌ ፊት ለፊታቸው ቆሜ አያቸዋለሁ። ከድጃ ጫፉ ላይ ነበረች። አግዳሚውን ይዛ፣ ዓይኗን ከፍታ ቆማለች። ደህና ናት አልኩ። ፊሽካውን ነፋሁ። ሰባቱ ወደ ኋላ ሸሹ። እሷ አልሸሸችም፤ ቆማ ራሷን ስታ ነበር። ውሃ ጨማሪው በእንፋሎቱ ምክንያት አላያትም፤ እሱ የሚያውቀው ፊሽካዬን ነው። ደፋው።

ጩኸቷን ሰምቼ ከነካፖርቴ ገባሁ። አያ ይመር ከመለያው ክፍል ጢማቸው በጠጉር ብናኝ ነጭ እንደሆነ ሮጠው ደረሱ። እኔን በክርናቸው ገፍተው ተሸከሟትና ወደ ክሊኒኩ ሮጡ። ከጉልበቷ በታች ሁለቱም እግሮቿ ተቃጥለዋል። እግሬን ይዤ መጣሁ ያለች ሴት!

ከሰዓት በኋላ አቶ ግርማቸው አንድ ወረቀት አምጥቶ ጠረጴዛው ላይ አደረገልኝ። «ሠራተኛዋ በራሷ ጥንቃቄ ጉድለት…» ይላል። «ተቆጣጣሪው አንተ ነህ፤ ፈርም» አለኝ። ፈረምኩ። በዚህ ወረቀት ምክንያት ከድጃ አንድም የመታከሚያ ገንዘብ ሳታገኝ ቀረች። ማታ ቤቴ ስገባ እናቴ «ምነው ልጄ፣ እግርህ ርሷል» አለችኝ።

አያ ይመር ከድጃን ቤታቸው አስተኝተዋት ነበር። በአራተኛው ቀን ስኳር ይዤ ሄድኩ። እግሮቿ በነጭ ጨርቅ ተጠቅልለዋል።

«ከድጃ፣ አውፍ በይኝ» አልኳት። በእኛ አገር እስላሙም ክርስቲያኑም ይቅርታ የሚጠይቀው በዚህ ቃል ነው።

እጇን ጨርቁ ላይ አደረገች። «እግሬ እንዲህ እያቃጠለኝ አውፍ ብልህ ውሸት ይሆንብኛል። ሲድን ጠይቀኝ።»

አያ ይመር እስከ በር ሸኙኝ። ይቆጡኛል ብዬ ነበር፤ ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። «ቀጠሮ ሰጥታሃለች» አሉኝ። «አደራ፣ እንዳትቀር።»

ፊሽካውን ግን በማግስቱም ነፋሁት። ይህም መጻፍ አለበት። ዓይኔን ጨፍኜ፣ ከመንፋቴ በፊት ስምንቱንም በየስማቸው እየጠራሁ ነፋሁት እንጂ አልጣልኩትም።

ከዚያ ዘመን ተገለበጠ። ሬዲዮው በየቀኑ አዋጅ ያነባል፤ ዘማች ተማሪዎች ከተማችን ገቡ፤ ፋብሪካው የመንግሥት ሆነ ተባለ። አንድ ጠዋት ሁላችንም ግቢው ውስጥ ተሰበሰብን። አቶ ግርማቸው አግዳሚ ወንበር ላይ ለብቻው ተቀምጧል። ሰው እየተነሳ የደረሰበትን ተናገረ፤ የሚጮኸውም ጮኸ። የከድጃ ነገር ሲነሳ አቶ ግርማቸው ያንን ወረቀት ከኪሱ አወጣ።

«እኔ የማውቀው ነገር የለም። ፊርማውን እዩት» አለ።

የተማሪዎቹ አለቃ ስሜን አነበበ። ዝም ብል ጩኸቱ መልሶ አቶ ግርማቸው ላይ ይዘንብ ነበር፤ ተገደድኩ ብል ማን ይጠይቀኛል? ግን ከድጃ በምርኩዝ ቆማ እያየችኝ ነው። ተነሳሁ።

«ፊርማው የእኔ ነው። ፊሽካውንም የነፋሁት እኔ ነኝ።»

«ለምን ፈረምክ?» አለኝ ተማሪው።

«ፈራሁ። ካፖርቱንም እንዳይቀሙኝ።»

አንዳንዱ ሳቀ። «ይባረር!» የሚል ድምፅ ከኋላ መጣ፤ ሌሎችም ተቀበሉት። ይኼኔ ከድጃ በምርኩዟ መሬቱን ቆረቆረች።

«ኧረ አብሽሩ፣ ተረጋጉ! ይህን ሰው ብታባርሩት እናቱ ምን ትብላ? ገንዳው ውስጥ ይግባ። እኛ የቆምንበት ጫፍ ላይ ይቁም። ፊሽካውን ደግሞ ለኔ ይስጠኝ።»

ከአንገቴ አውልቄ ሰጠኋት። ካፖርቱንም አውልቄ ወንበሩ ላይ ተውኩት።

«ሌላ ጥያቄ አለሽ?» አላት ተማሪው፣ ሊጽፍ ተዘጋጅቶ።

«ዘፈናችን ይመለስ። የደከመው ይቀመጥ። ሳይበላ ማንም ገንዳ አይግባ።»

«ሌላስ? ትልቅ ትልቁን ንገሪን እንጂ!»

«ይሄው ነው» አለች። ተማሪው ግራ ገብቶት ጻፈው። እኛ ግን እልል ብለን ግቢውን አናጋነው። አቶ ግርማቸው ወደ ሌላ ቦታ ተዛውሮ ሲያዝ ሲናዝዝ ኖረ ሲባል ሰምቻለሁ፤ እንደሱ ያለ ሰው ቦታ አያጣም።

ከድጃ ከእንግዲህ ገንዳ ውስጥ መቆም አትችልም ነበር። አያ ይመር ወደ በርጩማቸው ሲመለሱ ሌላ በርጩማ አስመጥተው ከጎናቸው፣ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙረው አስቀመጧት። «ዝም ብለሽ ስሚ» አሏት። እንግዲህ ሁለት ጀርባ እያየን እንረግጥ ጀመር። መጀመሪያ እሳቸው ይጠሩና እሷ ለምን እንደሆነ ትጠይቃለች፤ በኋላ እሷ ትጠራና እሳቸው ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። ጥቂት ዓመታት ቆይተው አያ ይመር ሲያርፉ ማን እንደሚተካቸው የጠየቀ ሰው አልነበረም። ፊሽካውን ከበርጩማዋ በላይ ምስማር ላይ ሰቀለችው፤ ማንም ነፍቶት አያውቅም።

ሁሉም ነገር አልጋ በአልጋ ሆነ አልላችሁም። አዲሱ ኃላፊ ደግ ሰው ነበር፤ ምግባችንን ጠዋት አደረገልን፤ ግን በአሮጌ ዘፈን ፈንታ በሰልፍ መዝሙር ካልረገጣችሁ አለ። መዝሙሩ ይፈጥናል። ባናው ሳንቃ ሆኖ ወጣ፤ ቢያቆሙት ይቆማል። ከድጃ አልተከራከረችም፤ ከነዚያ ባናዎች አንዱን መርጣ «ለቤትዎ» ብላ ሰጠችው። በማግስቱ አንገቱን እያሸ መጣና «ወደ ድሮው ተመለሱ» አለን።

የእሷ እግር ስብሰባው በሆነበት በዚያው ዓመት ዳነ። ትንሽ ታነክሳለች እንጂ ተዳረች፣ ወለደች፣ ከበደች። እኔ ግን ቀጠሮዬን ቀረሁ። ዛሬ እጠይቃታለሁ እላለሁ፤ ሰው ይኖራል። ነገ እላለሁ፤ ነገም ሌላ ሰበብ አገኛለሁ። ዓመት ሲያልፍ ደግሞ አሁን ብጠይቅ የረሳችውን ማስታወስ ይሆንብኛል አልኩ። እንዲህ እያልኩ ከሃያ ዓመት በላይ ጫፉ ላይ ቆሜ ረገጥኩ። ድምፄ ሲጠፋ እንደማንኛውም ሰው ትጠራኛለች። ቆሎውን ግን ለሌሎቹ እንደ አያ ይመር መዳፋቸው ላይ ስታደርግ፣ ለእኔ የገንዳው ጠርዝ ላይ ነው የምታስቀምጠው። ገብቶኛል፤ ደግሞም ይገባኛል እል ነበር።

የጡረታ ደብዳቤዬ ከመጣ በኋላ ጥቂት ቀን ቀርቶኝ ነበር። አንድ ጠዋት የማውጣት ተራው ደረሰኝ። ከየት እንደመጣብኝ እንጃ፣ በዚያ ሁሉ ዓመት ደፍሬ የማላውቀውን የእሷን ግጥም አነሳሁ። «ከከላላ መጣሁ ዳገቱን ወጥቼ…» አልኩና ሁለተኛው ስንኝ አልወጣልኝ አለ። ሰባቱ ሊቀበሉኝ ጠበቁ። እግራቸው ቆመ።

«ምትኩ፣ ውጣ» አለች ከድጃ።

ወጣሁ። ውሃው ከእግሬ እየተንጠባጠበ ከኋላዋ ቆምኩ። «ሁለት ዘፈን ነው የማርፈው?» አልኳት።

«ላንተስ በቃህ፤ ከእንግዲህ ገንዳ አትመለስም።»

ያኔ ሰውም እያለ፣ «ከድጃ፣ አውፍ በይኝ» አልኩ።

ከግድግዳው ዞረች። በርጩማው ላይ ከተቀመጠች ወዲህ ሲረገጥበት አይታ የማታውቀው ገንዳ ፊት ለፊቷ ሆነ። «እግሬ የዳነው መቼ ነበር?» አለችኝ።

«በዚያው ዓመት።»

«ታዲያ የት ነበርክ? ሲድን ጠይቀኝ አላልኩህም? ወላሂ፣ አውፍ ካልኩህ ሃያ ዓመት አለፈኝ! አንተ አልጠይቅ አልክ እንጂ!»

ገንዳው በሳቅ ሞላ። እኔ አልሳቅኩም፤ እንደ ሕፃን አለቀስኩ። እሷ ኪሷ ገብታ ቆሎ ዘገነች፣ መዳፌ ላይ አደረገችና እጄን በእጇ አጠፈችው። ከዚያ ፊቷን ወደ ግድግዳው መለሰች፤ «ቀጥሉ!» አለቻቸው።

ወጥቼ ፀሐይ ላይ ጆንያው ላይ ተቀመጥኩ። ከውስጥ ግጥሙን እኔ ካቆምኩበት አነሱት። ለበሩ ጀርባዬን ሰጥቼ፣ ቆሎዬን እየቆረጠምኩ፣ ድምፆቹን አንድ በአንድ ቆጠርኩ። ሰባቱም ነበሩ።